ትንፋሽ ሲለካ፦ የአልኮል መመርመሪያው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ዛሬ የማነሣው ነገር በሻይ ቤቱም፣ በቦዳ ቦዳው መቆሚያም ሲያከራክር የሚሰማ ነው። አንዱ «ይሄ አልኮብሎው የሚሉት ማሽን ውሸታም ነው፣ የሳል ሽሮፕ የጠጣውንም ሰክረሃል ይላል» ይላል። ሌላው «ማሽን አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰካራሙ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሎሚና ቀይ ሽንኩርት ያኘከ ሰው እንደማይያዝ፣ ጫት የቃመ ደግሞ ጭራሽ እንደማይነካ ያስረዳል። ሦስቱም የሚናገሩት በሙሉ ልብ ነው። በእኔ እምነት ለእውነቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹን ነው የያዘው። የመጀመሪያውም ባዶውን አይደለም። ሦስተኛው ግን ሰው ሊያስገድል ነው።

አልኮብሎው ኬንያ ውስጥ ሕዝቡ ለትንፋሽ መመርመሪያ የሰጠው የጋራ ስም ሆኗል። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርትና ደኅንነት ባለሥልጣን ከፖሊስ ጋር ሆኖ በስፋት ወደ መንገድ ያወጣው በ2013 መጨረሻ ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የተፈቀደው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮግራም፣ በደም ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊግራም አልኮል ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

«እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አገባን እንጂ! ከካኩማ እስከ ሎድዋር፣ ከዚያም እስከ ኪታሌ ስንሳፈር ነፍሳችንን የምንሰጠው ለሹፌር ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሞተር በሚከንፍበት መንገድ ዳር ነው። ደግሞም ጉዳዩ ተሳክቶለት ወደ ሦስተኛ አገር የሄደ ሰው እዚያ ደርሶ ቶሎ ከሚያወጣቸው ወረቀቶች አንዱ መንጃ ፈቃድ ነው። ከኛ ሰው ታክሲ የሚነዳው፣ ትራክ የሚይዘው፣ ዕቃ የሚያደርሰው ስንቱ ነው? ለዚያ ሰው የትንፋሽ ቁጥር የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካናዳ ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ጠጥቶ ማሽከርከር የሚያስቀጣው እስራት ጣሪያው ወደ 10 ዓመት ስላደገ፣ ዜግነት ያላገኘ ቋሚ ነዋሪ በዚህ ከተፈረደበት ነገሩ «ከባድ ወንጀል» ከሚባለው መደብ ውስጥ ይገባል፤ የመኖሪያ መብቱንም ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። በአሜሪካም በ2019 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት ውሳኔ፣ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ስደተኛ «መልካም ሥነ ምግባር» እንደሌለው ይገመታል፤ ይህን ግምት ማፍረስ የራሱ ፈንታ ነው። መልካም ሥነ ምግባር ደግሞ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የግድ ነው። ስንት ዓመት ፋይል ሲጠብቅ የኖረ ሰው አንድ ማታ በአንዲት ትንፋሽ ነገሩን ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ያ ቁጥር ከየት ይመጣል?

መሣሪያው ደም አያይም

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ መሣሪያው በደማችን ውስጥ ያለውን አልኮል አይለካም። የሚለካው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ነው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ደም ይገምታል። ግምቱ በጥሩ ሳይንስ ላይ የቆመ ነው፤ ግን ግምት ነው።

አረቄ የምታወጣ እናት ይህን ከማናችንም በላይ ታውቃለች። እሳት ላይ የተጣደው ድፍድፍ ሲሞቅ አልኮሉ ይተናል፣ በመቃው አልፎ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ሲጨምር የሚተነውም ይጨምራል። ሳንባችንም በራሱ መንገድ እንደዚያ ነው። የጠጣነው አልኮል ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ደሙ በሳንባ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዙሪያ ሲያልፍ ከአልኮሉ ጥቂቱ ተንኖ ወደ አየሩ ይወጣል። ደሙ ውስጥ ብዙ ካለ ብዙ ይወጣል፣ ጥቂት ካለ ጥቂት። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 ስለ ጋዝና ፈሳሽ ያወጣው ሕግ የዚህ መሠረት ነው። ሕጉ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሙቀቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በ1930ዎቹ ሮላ ሃርገር የሚባሉ ሳይንቲስት ሰው ፊኛ ውስጥ እንዲተነፍስ የሚያደርግ መሣሪያ ሠሩ፤ ትንፋሹ ሐምራዊ ቀለም ባለው ኬሚካል ውስጥ ሲያልፍ አልኮል ካለበት ቀለሙን ያለቅቀዋል። ከዚያ በ1954 እዚያው ኢንዲያና ፖሊስ ውስጥ የሠራው ሮበርት ቦርከንስታይን ይዞት የሚዞሩትን ዓይነት ሠራ፤ የእሱ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚቀየር ኬሚካል ነበረው፣ ለውጡን በመብራት ይለካል። ዛሬ ቀለሙ ቀርቷል፤ ትንፋሽ ወደ ደም የሚቀየርበት ስሌት ግን ያው ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በአሜሪካ በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል በ2100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይወሰዳል። በእንግሊዝ 2300 ነው። በስዊድንና በጀርመን ሕግ ያሉት ቁጥሮች ሲሰሉ 2000 ይወጣሉ። እስቲ ተማሪዎቼን እንደማሠራ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ሹፌር ትንፋሽ በሊትር 0.35 ሚሊግራም አልኮል ተገኘበት እንበል፤ ይህ የኬንያው ጣሪያ ራሱ ነው። በ2000 ሲባዛ በአንድ ሊትር ደም 0.70 ግራም ይሆናል። በ2100 ሲባዛ 0.735። በ2300 ሲባዛ 0.805። ያው ሰው፣ ያው ትንፋሽ፣ ሦስት ዓይነት ደም! የኬንያ ሁለት ቁጥሮች (35 እና 80) ከእንግሊዝ ሕግ ጋር አንድ ስለሆኑ የሚስማሙት በ2300ው ስሌት ነው። ብዙ አገሮች የትንፋሹን ጣሪያ ለብቻው በሕግ የጻፉት ለዚህ ነው፤ ወደ ደም የመቀየሩን ጭቅጭቅ ለመሸሽ።

ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው ታዲያ? ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር የለም። ሰዎች ሲመረመሩ ከ1300 አካባቢ እስከ 3000 በላይ ተገኝቷል፤ የአንዱ ሰው ቁጥርም ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ግን ልብ በሉ፣ የጠጡት ነገር ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ገብቶ ካለቀ በኋላ የብዙ ሰው ቁጥር 2300 አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ በ2100 የሚያሰላ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ደም ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። «ማሽኑ ይጨምርብናል» የሚለው ወሬ በብዙዎቹ ላይ ተቃራኒው ነው የሚሠራው።

ተቃራኒው የማይሠራበት ጊዜም አለ። ሰው ገና እየጠጣ ወይም ጠጥቶ እንደጨረሰ፣ አልኮሉ ከሆድ ወደ ደም እየገባ ባለበት ሰዓት፣ ከሳንባ የሚመጣው ደም ከክንድ ከሚቀዳው ደም የበለጠ አልኮል ይይዛል። በዚያ ሰዓት ትንፋሹ ከክንዱ ደም ከፍ ብሎ ይታያል።

አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል

ከሁሉም በላይ ቁጥር የሚያጣምመው ይህ ነው፤ ለኛ ሰፈርም የሚቀርበው እሱ ነው። መሣሪያው ትንፋሹ ከሳንባ ጥልቅ የመጣ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ካለ ግን አየሩ በመንገዱ ላይ ያንን ይዞ ይወጣል፤ ያኔ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። አረቄ ያወጣች ሴት ጥንካሬውን ለማወቅ ምላሷ ላይ ጠብ አድርጋ ብትተፋው እንኳ በዚያች ደቂቃ መሣሪያው ፊት ብትቆም «በጣም ሰክራለች» ይላታል፤ ደሟ ውስጥ ግን ምንም የለም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ፣ አንዳንድ የሳል ሽሮፕ፣ የጥርስ ሕመም ለማስታገስ አረቄ መያዝ ሁሉም ያው ናቸው። በእርሾ የተቦካ ዳቦ ገና እየታኘከ እያለ ትንሽ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ የእጅ ማጽጃው አለ፤ ፖሊሱ እጁን በዚያ አርጥቦ ሳይደርቅ መሣሪያውን ከያዘ እንፋሎቱ ወደ መሣሪያው ይገባል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጠበቅ። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል በ15 ደቂቃ ውስጥ በምራቅ ታጥቦ ይጠፋል። ስለዚህ በትክክል የሚሠራ ፖሊስ ሰውየውን ቢያንስ 15 ደቂቃ ምንም ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ሳያጨስ ዓይኑ ሥር ያቆየዋል፤ በኒው ጀርሲ 20 ደቂቃ ነው። በመካከል ካገሳው ወይም ካስታወከው ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ከሆድ የወጣው አልኮል ወደ አፍ ተመልሷል። ጨጓራ ያለበትና ቃር የሚያስቸግረው ሰው ይህን ለፖሊሱ ቢነግር ነውር የለውም።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ጊዜ ማስነፋት አለ። በሁለቱ መካከል ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ከሳንባ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ቁልቁል ከወረደ ግን የመጀመሪያው ከአፍ የመጣ ነው የሚያሰኝ ነው። መንገድ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ አስነፍቶ «በቃህ፣ ግባ መኪና ውስጥ» ማለት ሰው መያዣ ይሆን ይሆናል እንጂ ሰው መፍረጃ አይሆንም። የመንገድ ዳሩ የእጅ መሣሪያና ጣቢያ ያለው ትልቁ መሣሪያ በብዙ አገር በሕግ ፊት እኩል ያልሆኑት ለዚህ ነው። በጀርመን በሊትር ትንፋሽ 0.25 ሚሊግራም ላይ ለሚደረገው የገንዘብ ቅጣት በጣቢያ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይበቃል፤ የወንጀል ክስ ሲሆን ግን ደም ይቀዳል።

ትኩሳት፣ አስም፣ ስኳር

ስለ ሙቀት አረቄው ላይ ያልነውን አስታውሱ። መሣሪያው ትንፋሹ ሲወጣ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። የሰውየው ሙቀት አንድ ዲግሪ ከጨመረ ቁጥሩ ከ6 እስከ 9 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ወባ ይዞት 39 ዲግሪ የገባ ሰው ጣሪያው አካባቢ ካለ ይህ ልዩነት ሊያሻግረው ይችላል። (ወባ የያዘው ሰው መሪ ላይ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ልክ ናችሁ። ግን ወደ ክሊኒክ እየሄደም ሊሆን ይችላል።)

አተነፋፈስም ለውጥ ያመጣል። ትንፋሹን 30 ሴኮንድ ያህል አፍኖ የነፋ ሰው ቁጥሩ 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ ተንፍሶ የነፋ ደግሞ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። «አሃ!» ያላችሁ ካላችሁ አትድከሙ፤ ሁለት እጥፍ የጠጣን ሰው 10 በመቶ አያድነውም፤ ፖሊሱም ሲያለከልክ እያየው ዝም አይልም።

ሌላው የሳንባ ጉልበት ነው። ትልልቆቹ መሣሪያዎች የሚፈልጉት 1.5 ሊትር ያህል የማይቋረጥ ትንፋሽ ነው። አስም ያለበት፣ ሳንባው በቲቢ የተጎዳ፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ትንሽ ሰውነት ያለው ሰው ይህን ላያሟላ ይችላል። መሣሪያው «ናሙናው አልበቃም» ይላል፤ ፖሊሱ ደግሞ «አውቆ ነው፣ እምቢ አለ» ብሎ ይጽፋል። እምቢ ማለት በብዙ አገር ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ አንዳንዴም ከመጠጣቱ እኩል ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት መኪናው ውስጥ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል።

የስኳር ሕመምተኞች ነገር ትንሽ ይለያል። ስኳሩ ከመጠን በላይ ከፍ ያለበት ሰው፣ ወይም ረጅም ጊዜ ምንም ያልበላ ሰው፣ ትንፋሹ አሴቶን የሚባል ነገር ይይዛል፤ ሽታው የበሰበሰ ፍራፍሬ ይመስላል። የድሮዎቹ የኢንፍራሬድ ጨረር መሣሪያዎችና ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሾቹ ይህን ከአልኮል ጋር ሊያምታቱ ይችሉ ነበር። ፖሊስ የሚይዛቸው አብዛኞቹ የእጅ መሣሪያዎች ግን ፊውል ሴል በሚባል መንገድ የሚሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ባለ ትንሽ ክፍል አልኮሉ በኬሚካል ሲለወጥ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካሉ፤ አሴቶንን አይቆጥሩም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሹፌር ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይበሳጫል፤ ሰካራም ነው የሚመስለው። እሱን እስር ቤት ማሳደር ሊገድለው ይችላል። እዚህ ላይ እንግዲህ ማሽኑ ጠበቃው ነው፤ ዜሮ ያሳያልና።

ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ጫት

ስለ ሦስተኛው ሰውዬ አጭር ላድርገው። ሎሚና ሽንኩርት የአፍ ሽታ ይደብቃሉ፤ መሣሪያው ግን አያሸትም። ከሳንባ የሚወጣውን አልኮል ማስቲካ አያግደውም። ቡናም ያው ነው።

ጫት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዱ ሹፌሮች ማታ ጠጥተው ጠዋት «ምርቃና ያነሣኛል» ብለው ይቅማሉ። ጫት ያነቃል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል አንዲት ጠብታ አይቀንስም። ዓይኑ ፈጥጦ፣ ልቡ ደፍሮ፣ እጁና ፍርዱ ግን ሰክሮ የሚነዳ ሰው ይፈጥራል። ከተኛው ሰካራም ይልቅ እሱን ነው መፍራት።

አልኮልን የሚያወጣው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ አይቸኩልም። ደም ውስጥ በሰዓት በአማካይ በሊትር 0.15 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ዘገም ያለበት 0.10፣ ፈጠን ያለበት 0.20 እና ከዚያ በላይ። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 5 በመቶ አልኮል ያለውን ግማሽ ሊትር ቢራ ሲጠጣ 20 ግራም ያህል አልኮል ወስዷል፤ ይህ ደሙን በግምት በ0.5 ግራም ከፍ ያደርገዋል። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት ያንኑ ጠርሙስ ብትጠጣ ወደ 0.7 ይጠጋል፤ በሰውነቷ ውስጥ ያለው ውኃ ያነሰ ስለሆነ ነው። አሁን እኩለ ሌሊት ላይ ደሙ 1.6 ግራም የደረሰ ሹፌር ውሰዱ። ስድስት ሰዓት ተኝቶ ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሣ። በአማካዩ 6 ጊዜ 0.15፣ 0.9 ይቀነስና 0.7 ይቀራል፤ ለጥቂት ከኬንያው ጣሪያ በታች ነው፣ ከስዊድኑ 0.2 ግን ሦስት እጥፍ በላይ። ጉበቱ ዘገምተኛ ከሆነ 1.0 ይቀራል፤ ያ ከሁለቱም አገር ጣሪያ በላይ ነው። ሰውዬው ግን ተኝቶ ተነሥቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ «ትናንት ነው የጠጣሁት» ይላል። መሣሪያው ቢይዘው «ማሽኑ ዋሸ» ብሎ ይምላል። ማሽኑ አልዋሸም።

የጠላና የአረቄ ነገር ደግሞ በመለኪያ ቆጠራ አይሆንም። አንዷ ቤት የወጣው ከሌላዋ ቤት ሁለት እጥፍ ሊጠነክር ይችላል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ማሽኑን ማን ይጠብቀዋል?

እስካሁን የሰውን ሰውነት ነው ያየነው። ትልልቆቹ ስሕተቶች የተገኙት ግን መሣሪያውን ከሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው። ሚዛን ያለው ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድንጋዩ ልክ ካልሆነ ሚዛኑ ቢያበራም ዋጋ የለውም። የትንፋሽ መሣሪያም አልኮሉ በልክ በታወቀ ጋዝ ወይም ፈሳሽ በየጊዜው እየተፈተነ መስተካከል አለበት።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ያ ስንት ኢትዮጵያዊ ታክሲ የሚነዳበት ከተማ፣ በ2010 አንድ ነገር ይፋ ወጣ። የከተማው ፖሊስ መሣሪያዎች በትክክል ስላልተስተካከሉ ቁጥሩን 20 በመቶ ያህል ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ቆይተዋል። 0.07 መሆን የነበረበት 0.084 ይሆናል፤ ጣሪያው 0.08 ስለሆነ ንጹሑ ሰው ወንጀለኛ ሆነ ማለት ነው። ከ2008 መጸው ጀምሮ በእነዚያ መሣሪያዎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ተፈርዶባቸው ነበር፤ ግማሽ ያህሉ እስር ቤት ገብተዋል።

በኒው ጀርሲ ደግሞ ነገሩ የአንድ ቴርሞሜትር ነው። መሣሪያው ሲፈተን የሚያገለግለው ፈሳሽ በትክክል 34 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ይህንንም በብሔራዊ የልኬት ደረጃ በተረጋገጠ ቴርሞሜትር ማየት ግዴታ ነበር። ያ እርምጃ ተዘልሎ ተገኘ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ከ20,000 በላይ የሆኑ የምርመራ ውጤቶች በማስረጃነት አይታመኑም አለ። ሁሉም ተሳስተዋል ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ ስላልተቻለ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት እንጂ የተከሳሹ አይደለም ማለት ነው። በማሳቹሴትስም በ2023 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመሣሪያውን ፍተሻ የሚመራው መሥሪያ ቤት መረጃ ደብቆ በመገኘቱ 27,000 ያህል ሰዎችን የሚነካ ውሳኔ ሰጥቷል።

በኬንያ የተነሣው ክርክር ደግሞ ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ሕጉ ነበር። የትራፊክ ዋናው ሕግ የሚከሰው በመጠጥ ምክንያት መኪናውን በአግባቡ መቆጣጠር ያልቻለን ሰው ነው፤ በ2011 የወጣው የአልኮብሎው ደንብ ግን ቁጥሩን ያለፈውን ሁሉ ነበር የሚይዘው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ደንቡ ከዋናው ሕግ ጋር ይጋጫል አለ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን መሣሪያው ከመንገድ አልጠፋም፤ «ተሽሯል» ብሎ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው አይሞኝ። ቁጥር ባይኖርም መኪና መቆጣጠር አለመቻል ራሱ ወንጀል ነው።

ቢያስቆሟችሁ

ያልጠጣ ሰው መንፋት አይፍራ። ካልጠጣ ለእሱ ከዚያ ቁጥር የተሻለ ምስክር የለውም፤ በተለይ ገንዘብ በሚጠየቅበት መንገድ ላይ። የሚነፋበት ቱቦ አዲስና ከማሸጊያው ፊቱ የወጣ እንዲሆን ይጠይቅ። አፉ ውስጥ የሳል ሽሮፕ ወይም መጉመጥመጫ ከነበረ መጀመሪያውኑ ይናገር፣ 15 ደቂቃ እንዲጠበቅለትና እንደገና እንዲነፋ በትሕትና ይጠይቅ። ከያዙት ደግሞ ደሙ እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል፤ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ስለሚቀንስ ቶሎ ነው መጠየቅ። እጅ መወራወርና መሳደብ ግን የስካር ምልክት ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ወደ ውጭ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። የሚነገራችሁ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንግሊዝኛ በማይችል አሽከርካሪ ጉዳይ፣ እምቢ ማለት የሚያስከትለውን ቅጣት ፖሊስ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል ብሎ ወስኗል። በሌላ ግዛትና በሌላ አገር ሕጉ ይለያያል፤ ግን ያልገባውን ነገር ራሱን እየነቀነቀ «የስ፣ የስ» የሚል ሰው እምቢም ሆነ እሺ ማለቱን ራሱ አያውቀውም። ካናዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ያስቆመውን ማንኛውንም ሹፌር ያለ ምንም ጥርጣሬ ማስነፋት ይችላል፤ «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ጣሪያውም አንድ አይደለም፤ በአሜሪካ 0.08 ሲሆን በዩታ ግዛት ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05 ነው፣ ትራክ ለሚነዳ 0.04፣ አውስትራሊያ 0.05።

ጣቢያ ተወስዳችሁ ከተነፋችሁ ትልቁ መሣሪያ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች፣ የተነፋበት ሰዓትና የመሣሪያው መለያ ቁጥር ይኖራሉ። ቅጂውን ተቀበሉ፤ የቆማችሁበትን ሰዓትና የመጨረሻውን ጉንጭ የጠጣችሁበትን ሰዓት በጀርባው ላይ በእጃችሁ ጻፉበት። መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸ ጠበቃው የሚጠይቀው ከዚያ መለያ ቁጥር ተነሥቶ ነው።